ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ መመለስ፦ ስለማይፈለጉ የስልክ ጥሪዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ያለፈው ጁሙዓ እዚህ አዘና፣ ኹጥባው ሊጋመስ ሲል ከፊተኛው ሶፍ የአንድ አባታችን ስልክ ጮኸ። ደንግጠው ከኪሳቸው ሊያወጡት ሲታገሉ ጣታቸው የማንሻዋን ቁልፍ ነካች። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበርና የአንዲት ሴት ድምፅ መስጂዱን ሞላው፤ "እንኳን ደስ አለዎት! የሽልማቱ ተሳታፊ ለመሆን አንድን ይጫኑ..."። ልጆች ከኋላ ሳቁ። አባታችን ግን አንገታቸውን እንደደፉ ሰላቱ አለቀ።

ከሰላት በኋላ በር ላይ ጠበቁኝ። "ኡስታዝ፣ እቺ ሴትዮ ማናት? በቀን ሁለት ሦስቴ ትደውላለች። ልጄ ተሳስተሻል፣ እኔ አላውቅሽም እላታለሁ። ትንሽ እንኳ አትሰማም፣ ወሬዋን ትቀጥላለች" አሉኝ። ሰው ሳትሆን የተቀዳ ድምፅ እንደሆነች ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ "እኔ እኮ በደወለች ቁጥር ሰላምታ እየሰጠሁ ነው የማነሳው" አሉ።

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁት። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው። መልእክት ማስቀመጫው ከአጭር ቁጥሮች በመጡ መልእክቶች ሞልቷል። አንድ ቀን "ይህች ሴትዮ ዝም ብትልልኝ" ብለው አንድን ተጭነው ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንድ አገልግሎት ደንበኛ ሆነዋል፤ በየቀኑ ከሒሳባቸው ይቆረጣል። ድንች ሸጠው የሚሞሉት ካርድ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር።

የከፋው ግን ይህ አይደለም። በጥሪው ብዛት ተማርረው የማያውቁትን ቁጥር ማንሳት ትተው ነበር። በዚያው ሳምንት ሴት ልጃቸው እንጅባራ ምጥ ይዟት፣ የራሷ ስልክ ባትሪ ጨርሶ፣ በሰው ስልክ አምስት ጊዜ ደውላላቸዋለች። አላነሱም። "ያቺው ሴትዮ ናት ብዬ" አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅቱም ሕፃኑም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አባት ግን በዚያች ሌሊት ልጄ ስትጠራኝ አልሰማሁም የሚል ቁስል ይዘዋል።

ለዚህ ነው የዛሬውን የጁሙዓ ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረግሁት። ነገሩ የመሰልቸት ብቻ አይደለም። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ዕረፍት፣ የሰውም እምነት አለበት።

ማሽኑ እንዴት ይደውላል?

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፤ ያላወቁትን መከላከል ይከብዳልና። በአንድ ቦታ የተቀመጠ ኮምፒውተር የስልክ ቁጥር ዝርዝር ይሰጠዋል። ዝርዝር ባይኖር እንኳ ከ09 ወይም ከ07 ቀጥሎ ያሉትን አሃዞች እየቀያየረ ራሱ ቁጥር ይሠራል። በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ይደውላል፤ ያነሳ ሰው ሲያገኝ የተቀዳውን ድምፅ ያጫውታል፤ የተጫንነውን ቁልፍ ይመዘግባል። መልስ የሰጠ ቁጥር "ሰው ያለበት ነው" ተብሎ ሊያዝና ዳግም ሊደወልለት ይችላል። ስለዚህ መቆጣትም፣ መሳደብም፣ መለማመጥም አይሠራም። የሚሰማን ጆሮ የለም።

እንዲህ ያሉት ጥሪዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንዳንዱ ማስታወቂያ ብቻ ነው። አንዳንዱ በአጭር ቁጥር የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ አንድ ቁልፍ በመጫን ወይም አንድ ፊደል በመላክ ይጀመራል፣ ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ያስከፍላል። አንዳንዱ ከውጭ አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ ነው። ጃፓኖች "ዋንጊሪ" ብለው ስም አውጥተውለታል፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ መቁረጥ እንደማለት ነው። ዓላማው እኛ መልሰን እንድንደውልና ውድ በሆነ መስመር ሒሳባችን እንዲበላ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ግልጽ ሌብነት ነው፤ "ከባንክ ነው"፣ "ከቴሌ ነው"፣ "ሽልማት ደርሶዎታል" ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘባችንን ስልካችን ውስጥ ካስገባልን ወዲህ ስልክ ኪስ ብቻ ሳይሆን ካዝናም ሆኗል። ሌባውም ወደ ካዝናው መጥቷል።

ፍትሐዊ እንሁንና፣ ጠቃሚም አለ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው የ8028 ነፃ መስመር ለገበሬው በተቀዳ ድምፅ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ሰብል በሽታ ይነግራል፤ ማስጠንቀቂያም ይልካል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ እጅ መታጠብ የሚመክር ድምፅ ይቀድመን ነበር። እሱም የተቀዳ ነበር፣ ግን ሊጠብቀን ነው የመጣው። ማሽን በራሱ ሐላልም ሐራምም አይባልም። ኒያውና አጠቃቀሙ ነው የሚመዘነው።

ስልክ በር ነው

እስቲ አስቡት። ስልክ የቤታችን በር ነው። ከበርም በላይ ነው፤ መኝታ ቤታችን ድረስ፣ መስጂዳችን ድረስ ይከተለናል። ስለ በር ደግሞ ዲናችን ዝም አላለም። አራት አደቦችን ላስታውሳችሁ።

አንደኛ፣ ፈቃድ። አላህ (ሱብሐነሁ ወተዓላ) በሱረቱ አን-ኑር 27ኛና 28ኛ አንቀጾች ከራሳችን ቤት ሌላ ወደሆነ ቤት ሳናስፈቅድና ለቤቱ ሰዎች ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ ከልክሎናል። ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ አዞናል፤ መመለሱ ለእኛው ንጽሕና የተሻለ እንደሆነም ነግሮናል። ልብ በሉ፣ የቤቱ ባለቤት "አይሆንም" የማለት ሐቅ አለው። ምክንያት እንዲሰጥ እንኳ አልተጠየቀም። እንግዲህ "አትደውሉልኝ" ያለን ሰው ደግሞ ደጋግሞ መደወል ምን ይባላል?

ሁለተኛ፣ የሦስት ጊዜ ገደብ። አቡ ሙሳ አል-አሽዓሪ (ረ.ዐ) የኸሊፋው የዑመር (ረ.ዐ) ቤት ሄደው ሦስት ጊዜ አስፈቀዱ። ዑመር ሥራ ላይ ነበሩና አልመለሱላቸውም። አቡ ሙሳ ተመልሰው ሄዱ። ዑመር ቆይተው ሲያስጠሯቸውና ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቋቸው፣ ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ያልተፈቀደለት ይመለስ ዘንድ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ዑመር ምስክር ጠየቁ፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) መጥተው መሰከሩ። ዑመርም ይህን ሐዲስ ሳይሰሙ የቀሩት የገበያ ንግድ ስላዘናጋቸው መሆኑን በትሕትና ተናገሩ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሱብሐነላህ! የአማኞች መሪ "ንግድ አዘናግቶኝ ነው" ብለው አመኑ። ዛሬ የሰውን ቤት የሚያስረሳን ይኸው ንግድ አይደለምን?

ሦስተኛ፣ ማንነትን መግለጽ። ጃቢር (ረ.ዐ) በአባታቸው ዕዳ ጉዳይ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው በር መቱ። ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ "እኔ ነኝ" አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን መልስ እንዳልወደዱት ቃሉን ደገሙት። "እኔ" ማለት ማንንም አይገልጽምና። ጃቢር የታመኑ ሶሐባ ሆነው እንኳ ስማቸውን እንዲናገሩ ከተፈለገ፣ ቁጥሩን እየቀያየረ፣ ስሙን ደብቆ ወይም የሌላ ተቋም ስም ለብሶ የሚደውለውን እናንተው ፍረዱ።

አራተኛ፣ ጊዜ። በዚያው ሱራ 58ኛ አንቀጽ ላይ ከፈጅር ሰላት በፊት፣ በቀትር ዕረፍት ጊዜና ከዒሻ በኋላ የቤት ልጆችና አገልጋዮች እንኳ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል። የቤት ልጅ! ታዲያ የማያውቀን ማሽን ከዒሻ በኋላ ምን አግብቶት ይጠራናል? በሱረቱ አል-ሑጁራትም ከክፍሎቹ ጀርባ ሆነው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ይጣሩ የነበሩ ሰዎች ተወቅሰዋል፤ እስኪወጡላቸው ቢታገሡ ይሻላቸው እንደነበር አላህ ነግሯቸዋል።

ፈቃድ፣ ሦስት ጊዜ፣ ስም፣ ጊዜ። እነዚህን አራቱን ስትይዙ የትኛው ጥሪ አደብ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ማንም ሳይነግራችሁ ትለያላችሁ።

የዓለም ሕግም ወደዚሁ ነው የመጣው። በአሜሪካ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በተቀዳ ድምፅ መደወልን የሚገድብ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ በ2003 ደግሞ "አትደውሉልኝ" የሚል ሰው የሚመዘገብበት ብሔራዊ መዝገብ ተከፈተ። በ2024 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድምፅም በዚያው ሕግ ሥር እንደሚወድቅ ተወስኗል። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ በኢሜይልና በመሰል መንገድ የንግድ ማስታወቂያ ማሰራጨትን ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው የግል መረጃ እንደተገኘ የሚወሰድ ነገር እንዳይሆን ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የስልክ ቁጥራችሁ የእናንተ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. የተቀዳ ድምፅ ከሆነ ምንም ቁልፍ ሳትጫኑ ዝጉት። "ለማቆም ሁለትን ይጫኑ" ቢል እንኳ የማታውቁት ከሆነ አትጫኑ። አባታችን የተያዙት እንዲቆምላቸው ብለው ነው።

2. ከውጭ አገር አንዴ ጠርቶ የተዘጋን ቁጥር አትመልሱ። የኛ አገር ቁጥር በ+251 ይጀምራል። በውጭ ዘመድ ያላችሁ የዘመዳችሁን ቁጥር በስሙ መዝግቡ፤ ያልተመዘገበው ቢጠራ በሌላ መንገድ ዘመዳችሁን ጠይቁ።

3. ካርድ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ከአጭር ቁጥር የመጡትን መልእክቶች አንብቡ። የመውጫው መንገድ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል "ስቶፕ" ብሎ ወደዚያው ቁጥር መላክ ነው። ከዚያ ሒሳባችሁን (የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ*804#) እያያችሁ መቆረጡ መቆሙን አረጋግጡ። ካልቆመ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ወደ 994፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ ወደ 700 ደውሎ እንዲያቋርጡለት ይጠይቅ። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የተቆረጠውን ብር በወረቀት ይዛችሁ ደውሉ። ሐቃችሁን በአደብ ጠይቁ።

4. ደጋግሞ የሚጠራችሁን ቁጥር ዝጉት። በባለ ቁልፍ ስልክም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ቁጥር እየቀያየሩ የሚደውሉትን ግን ይህ ብቻውን አያስቆማቸውም፤ አትድከሙ፣ ዋናው መድኃኒት አለመመለስ ነው።

5. የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትናገሩ። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለቴሌ ሠራተኛም፣ ለኡስታዝም! በስልካችሁ የመጣን የማረጋገጫ ቁጥርም እንዲሁ። "አሁኑኑ ካልነገሩን ሒሳብዎ ይዘጋል" የሚል ሰው ቢመጣ፣ በሱረቱ አል-ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ላይ ወሬ ይዞ የመጣን እንድናጣራ መታዘዛችንን አስታውሱ። ዝጉትና ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ከሆነ መጠበቅ አያስቆጣውም፤ የሚያጣድፍ ሌባ ነው። አንዴ የተታለለ ደግሞ አያፍር፣ ይናገር። አማኝ በአንድ ጉድጓድ ሁለቴ እንዳይነደፍ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ እኛም የአንዱ መነደፍ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሁነን።

6. ሽልማቱ አያጓጓችሁ። ብር እየተቆረጠብን መልእክት ልከን፣ ዕጣ ለደረሰው የሁላችንም ብር የሚሰጥበት ጨዋታ ቁማር ነው። ስሙ "ጥያቄና መልስ" ቢባልም ነገሩ አይለወጥም። በሱረቱ አል-ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ ተጠቅሷል። የተጎዳነው ሰዎች እኛው ራሳችን በጉጉት የከፈትነው በር ይኖር ይሆን? እንመርምር።

7. ስልክን ጨርሶ አለማንሳት መፍትሔ አይደለም። በአካባቢያችን ኔትወርክ ጠፍቶ የሰነበተባቸውን ቀናት ታውቃላችሁ፤ አንዲት ጥሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ተምረናል። ከቤተሰባችሁ ጋር ምልክት አድርጉ። በሰው ስልክ የሚደውል ልጅ መጀመሪያ ስሙን ጽፎ ይላክ፤ መጻፍ ካልቻለ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ይደውል፣ በሁለተኛው ይነሳ። የጃቢርን አደብ በስልክ ማምጣት ይህ ነው።

8. መስጂድ ስትገቡ ስልካችሁን አጥፉ። ኢማሙ ኹጥባ ሲያደርግ ጎረቤቱን ዝም በል ያለ ሰው እንኳ ውድቅ ንግግር እንደተናገረ ሐዲሱ ይነግረናል። እኛ ዝም ብለን ስልካችን ከተናገረ ምን ጠቀመን?

እኛስ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ሳልናገር ብጨርስ አላህን እፈራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዷን ለችግረኞች ማፍጠሪያ መዋጮ ስናሰባስብ የለጋሾችን ስልክ በደብተር መዝግቤ ነበር። ረመዷን አለቀ፣ ደብተሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። "ዳዕዋ ነው፣ ኸይር ነው" ብዬ ቁጥሮቹን ሁሉ በስልኬ አስገባሁና በየቀኑ ማስታወሻ መላክ ጀመርኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ቴሌግራም ያላቸውንም ሳልጠይቅ ግሩፕ ውስጥ አስገባኋቸው። አንድ ቀን አንዲት እህት እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ "ኡስታዝ፣ ቁጥሬን የሰጠሁህ ለማፍጠሪያው ነበር። ለዚህኛው ፈቃዴን ጠይቀኸኛል?"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቁርኣን እየላክሁላት! ኋላ ግን ሱረቱ አን-ኑርን ለተማሪዎቼ ሳስተምር አንደበቴ ተያዘ። አንቀጹ የመጪውን ሰው ሸቀጥ አይጠይቅም። መልካም ነገር ይዞ የመጣም ያስፈቅዳል። አቡ ሙሳ ለክፉ አልሄዱም ነበር፣ ግን ተመለሱ። በዚያው ቀን ለሁሉም ይቅርታ ጽፌ "የምትፈልጉ ብቻ እሺ በሉኝ" አልኩ። ከግማሽ በታች ነው የመለሰው። የቀሩት ለካ ሲታገሡኝ ኖረዋል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ማሽኑን ስንወቅስ ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ሰው አላነሳ ሲል አሥር ጊዜ የምንደውል የለንም? ያበደርነውን ለመጠየቅ እኩለ ሌሊት የምንደውል? "ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ" እያልን የሰውን ስልክ የምንሞላ? የጓደኛችንን ቁጥር ሳናስፈቅድ ለሻጭ የምንሰጥ? በጥሪ ማዕከልና በማስታወቂያ ሥራ የምትተዳደሩ ወጣቶችም አላችሁ። ሥራችሁ ሐላል እንዲሆን የሚጠይቅ ደንበኛ ይምጣላችሁ፤ "አይ" ያለውን ከዝርዝሩ አውጡት፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ በ29ኛው አንቀጽ ንግድን በመዋደድ ላይ ነው ያቆመችው። በሌላ ወገን ደግሞ እናንተ የሚደወልላችሁ፣ በመስመሩ ላይ ያለው ሰው ከሆነ አትሳደቡ። እሱም ደመወዝ ፈላጊ የሰው ልጅ ነው። "አልፈልግም፣ እንዳትደውልልኝ፣ አላህ ይርዳህ" ብሎ መዝጋት ይበቃል።

የሳምንቱ የቤት ሥራ

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ አጠገብ ተቀመጡና ስልካቸውን ጠይቁ። በተለይ አማርኛው በፍጥነት ሲነገር የሚያመልጣቸው፣ አገውኛ አጥርተው የሚሰሙ፣ ማንበብ የማይችሉ ወላጆቻችን ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። መልእክቱን አንብቡላቸው። ሳይፈልጉ የገቡበት ካለ አውጧቸው። የልጆቻቸውን ቁጥር በስም መዝግቡላቸው። እየተቆጣችሁ አይሁን፤ እናንተ ቁጥር ሳትቆጥሩ እነሱ ታግሠው አስተምረዋችኋል። ይህ ከቢረል ዋሊደይን፣ ለወላጅ ከሚደረግ በጎ ሥራ ነው፤ አንድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

እኛም ከአባታችን ጋር መስጂዱ በር ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ አስወጣናቸው። ሦስት አገልግሎቶች ነበሩ። የልጃቸውን ቁጥር መዘገብን፤ ለእሷ ብቻ ሌላ የጥሪ ድምፅ መረጥንላት። ሲጨርሱ "እስቲ ደውልልኝና ልስማው" አሉኝ። በእኔ ስልክ እንጅባራ ደወልንና እሷ መልሳ እንድትደውል ነገርናት። አዲሱ ድምፅ ሲጮህ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አነሱት። "አሰላሙ ዓለይኪ" አሉ።

በዚህኛው ጊዜ ወዐለይከ ሰላም የሚል መልስ መጣ።

አላህ ሆይ፣ የቤታችንን በር በሰላም የሚገባበት አድርግልን። ከሰው ሐቅ ጠብቀን፤ ሳናስፈቅድ የገባንበት ካለ ይቅር በለን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!